የምሳ ሰዓት ቆራጭ

ስለ ሳሙና ስጽፍ መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ብናዘዝ ይሻላል፤ አለዚያ ሌላ ሰው ይነግርብኛል፣ እሱ ደግሞ ያጋንነዋል።

የትምህርት ቤትና የሥራ ዩኒፎርም በሚሰፋ ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፣ አብዛኛውን በዋና ቆራጭነት። ዋና ቆራጭ ማለት ጨርቁ በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ተነባብሮ ሲነጠፍ፣ ከላይ የእጅጌውን፣ የኮሌታውን፣ የኪሱን ካርቶን ደርድሮ በጠመኔ የሚያሰምርና በማሽን የሚቆርጥ ሰው ነው። መቁረጡ ቀላል ነው። እጁ ካልተንቀጠቀጠና መስመሩን ከተከተለ ማንም ይቆርጣል። ጉዱ ያለው ድርደራው ላይ ነው። ካርቶኖቹ ተጠጋግተው ካልተቀመጡ በመሃል የሚቀረው ጨርቅ ሁሉ ጥራጊ ሆኖ ይጣላል። እኔ በድርደራ ስሜ የተጠራ ሰው ነበርኩ። "ጨርቅ ቆጣቢ" የሚል የምስክር ወረቀት፣ ከነፎቶዬ፣ አሥራ አንድ ጊዜ ተሰጥቶኛል። አሥራ አንዱም የሳሙና ናቸው።

ሳሙና የወጣላት ስም ነው። ትልቁ አዳራሽ ውስጥ የስፌት መኪና ላይ ተቀምጠው ከሚውሉት መቶ ሃያ ሴቶች አንዷ ነበረች፤ ሥራዋ ኪስ መስፋት። ጠመኔ የሚታደለው ለቆረጣ ክፍል ብቻ ስለነበር እሷ ከእጅ መታጠቢያው ያለቀ ሳሙና ትለቅማለች፣ ታደርቀዋለች፣ በምላጭ ትስለዋለች፣ ከዚያ ሻሿ ውስጥ ትሰካዋለች። ስትመጣ ከእሷ በፊት ሽታዋ ይደርሳል። አጭር ናት፣ እርምጃዋ ፈጣን፣ ምላሷ ስለት።

የቆረጣ ክፍሉ ወለል ላይ ቢጫ መስመር ተቀብቶ ነበር። ሴት ከዚያ መስመር አታልፍም። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ፣ ፀጉራቸውን ማሽኑ ይይዘዋል ይባላል። የእኔ ጢም ደረቴ ላይ ነው የሚወርደው። ስለ ጢሜ ማንም ምንም ብሎ አያውቅም፤ እኔም አላነሳሁም።

አንድ ቀን የምሳ ደወል ተደውሎ ወንዶቹ ሲወጡ፣ ሁለት ኪስ ይዛ መጥታ መስመሩ ጫፍ ላይ ቆመች።

"ጋሼ፣ ይሄ ኪስ ከኮቱ ጋር አይገጥምም። ባለመስመር ጨርቅ ነው እኮ። ኪሱን ከጎረቤት የተዋሱት ነው የሚመስለው።"

እኔ ቱግ ባይ ነኝ፤ የሚያውቁኝ ያውቁኛል። "አንቺ ዝም ብለሽ ስፊ። የቆረጠው ሰው ያውቃል" አልኳት።

"ያውቁ ይሆናል፤ ግን አላዩትም።"

ደሜ ፈላ። ማሽኑ ጠፍቷል፣ ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው የለም። "እሺ ነይ! ነይና አንቺ አሳዪኝ!" ብዬ ጮህኩባት። የጠራኋት ላዋርዳት ነው፤ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

መስመሩን ተሻገረች። ካርቶኖቹን ትንሽ ስታያቸው ቆየችና ከሻሿ ሳሙናዋን መዝዛ መደርደር ጀመረች። እየደረደረች ታወራለች። "አንተ ትልቁ፣ ግድግዳው ጋ ተኛ። አንቺ በብብቱ ግቢ። አንተ እግርህን ሰብስብ።"

"ከማን ጋር ነው የምታወሪው?"

"ከወንድሞቼና ከእህቶቼ ጋር። ዘጠኝ ልጆች በአንድ ክፍል፣ በሁለት ፍራሽ ነው ያደግነው። ማን በማን እግር ሥር እንደሚገባ የምደለድለው እኔ ነበርኩ። ከተሳሳትኩ አንድ ልጅ ወለል ላይ ያድራል።"

ኮሌታዎቹን በእጅጌዎቹ ብብት አስገባች፣ ኪሶቹን በሁለት ጀርባዎች መሃል ሸጎጠች፣ መስመራቸውም ከኮቱ ጋር ልክ ገጠመ። ሜትር አምጥቼ ለካሁ። ከእኔ ድርደራ በአንድ ስንዝር ያጥራል። ደግሜ ለካሁ። ሜትሩ ተበላሽቶ እንደሆነ ብዬ ጠረጴዛውን ለካሁ። ጠረጴዛው እንደ ወትሮው ነው።

"ስንዝር ናት" አለች ሳሙና። "ብዙ አይደለችም። ግን አንድ ልጅ ያስተኛል።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአሥራ አንድ ዓመት የምሳ ሰዓት የእኛ ሆነ። ወንዶቹ ሲወጡ እሷ ትገባለች፤ ትደረድራለች፣ ታሰምራለች፤ ከመመለሳቸው በፊት ትወጣለች። ከሰዓት እኔ እቆርጣለሁ። "ዛሬም ተራቀቁበት ጋሼ!" ይሉኛል፤ እኔ ጢሜን እዳብሳለሁ። ባለቤቴ የመጀመሪያውን ቀን ታሪክ ስለነገርኳት በማግስቱ ሁለት የምሳ ዕቃ አዘጋጀች። "ለዚያች ልጅ" አለችኝ።

መጀመሪያ ላይ በሚቀጥለው ወር እናገራለሁ እል ነበር። ከዚያ የምስክር ወረቀቱ መጣ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ተቀበልኩ። ሳሙና ከሴቶቹ ጋር ቆማ አጨበጨበች። በምሳ ሰዓት፣ ሳሙናዋን በምላጭ እየሳለች፣ "ፎቶው ላይ ጢምዎ አምሮበታል" አለችኝ። በነገር ወጋችኝ፤ ተወጋሁም፤ ግን አልተናገርኩም። የሚቀጥለው ዓመት ሲመጣ መናገሩ ከበፊቱ የባሰ ከበደ፤ የሚቀጥለው ደግሞ ከዚያ የባሰ። እሷ ራሷ ለምን እንደማትናገር አንዴ ጠይቄያት ነበር።

"ከጠረጴዛው ቢያባርሩኝስ?" አለች። "ቀኑን ሙሉ ኪስ፣ ኪስ፣ ኪስ ነው። ሰው የምሆነው በዚች ሰዓት ነው።"

ስለ እሷ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት በዚያ ሰዓት ነው። ከእናቷና ከልጇ ጋር በአንድ ክፍል ትኖራለች። እናቷ ታመው ልጠይቅ ስሄድ አየሁት፦ አልጋው ሥር ሻንጣ፣ ሻንጣው ውስጥ ድስት፣ ድስቱ ውስጥ የልጅቷ ደብተሮች፤ መሃል ላይ ግን ሁለት ሰው የሚጨፍርበት ባዶ ቦታ። አውቶቡስ ውስጥ ሰው ሲጨናነቅ አርፋ መቆም አትችልም። "እርስዎ ወደዚህ ዞር ይበሉ፣ አንተ ሻንጣህን ከጉልበትህ ሥር አድርግ፣ አንቺ ልጁን እቀፊው" እያለች ሁሉን ታስቀምጣለች። ሹፌሩ ሳይቀር ይታዘዛታል። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፤ ስትናደድ አትሸፍንም።

እወዳታለሁ። እንደ ልጅም እንደ እህትም አይደለም፤ አብራህ አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብላ እንደኖረች ሰው ነው የምወዳት። ለዚህ ዓይነቱ መውደድ ስም አላገኘሁለትም። ደግሞ ሰው የሚወደውን እንዲህ ሊበድል እንደሚችል ያወቅሁት በራሴ ነው።

ጡረታ ልወጣ ሦስት ወር ሲቀረኝ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወረቀት ተለጠፈ። የሥራ መደብ፦ ዋና ቆራጭ። ጾታ፦ አይለይም። የሥራ ልምድ፦ በቆረጣ ክፍል አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሠራ።

ሳሙና ቆማ አነበበችው። እኔም ከኋላዋ ቆሜ አነበብኩት። ያቺን የአምስት ዓመት መስመር ያስገባኋት እኔ ነበርኩ። ከዓመታት በፊት የሥራ አስኪያጁ አማች፣ መቀስ ይዞ የማያውቅ ሰው፣ ክፍሌ ውስጥ ሊመደብ ሲል አስተዳደር ገብቼ ጠረጴዛ ደብድቤ ያስጻፍኳት ናት። ያን ጊዜ ጀግና ተብዬ ነበር።

በምሳ ሰዓት መጣች። አልደረደረችም።

"ጋሼ፣ ጾታ አይለይም ይላል። አምስት ዓመቱን ግን ከየት ላምጣው? አሥራ አንድ አለኝ፤ በምሳ ሰዓት ነው እንጂ።"

"እስቲ እናያለን" አልኳት።

"ማን ነው የሚያየው?"

ካርቶኖቹን ማስተካከል ጀመርኩ። እሷም ሳሙናዋን ሻሿ ውስጥ መልሳ ሰክታ ወጣች።

እኔ እሷን እንዳጣሁ ቶሎ ገባኝ፤ እሷ የምታጣው ደግሞ ከዚያ በላይ ነበር። መስፈርቱን የሚያሟላው ብቸኛ ሰው ረጅሙ የምንለው የክፍሉ ቆራጭ ነው። መጥፎ ሰው አይደለም፣ ቀጥ አድርጎ ይቆርጣል፤ ግን በሥራው ላይ የሌላ ሰው እጅ ማየት አይወድም። እሱ ዋና ከሆነ የምሳ ሰዓቱ አለቀ። ሳሙና እስከ ጡረታዋ ኪስ ልትሰፋ ነው።

ቢሆንም አመለከተች። ማመልከቻዋ በዚያው ቀን ተመለሰላት፤ "የሥራ ልምድ የላትም" ይላል። ሁለት ሳምንት ሙሉ በምሳ ሰዓት አልመጣችም። ባለቤቴ ግን ሁለቱን የምሳ ዕቃ ማዘጋጀቷን አልተወችም፤ አንዱን እበላለሁ፣ አንዱን እንዳለ እመልሳለሁ። የጥራጊው ማዳበሪያ ያለ እሷ ድርደራ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በፊት ይሞላ ጀመር።

እሑድ ጠዋት ባለቤቴ ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን የምስክር ወረቀቶች አቧራ ስትወለውል፣ አንዱን አውርዳ ፊቴ ያዘችው። "እነዚህን ለባለቤታቸው የምንመልሰው መቼ ነው?" አለችኝ።

ሰኞ ልናገር ብዬ ገባሁ። ሳሙና ቀድማኝ ነበር፤ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሄዳ አቤቱታ አስገብታለች። የእኔን ስም አላነሳችም። "ሴት እንዳታልፍ የተቀባ መስመር አለ፣ ከመስመሩ ማዶ የሚገኝ ልምድ ደግሞ ይጠየቃል" ብቻ ነው ያለችው። ስሜን እንዳላነሳች ስሰማ አንጀቴን በላችው።

በዚያው ሳምንት ከመሥሪያ ቤቱ አንዲት ተቆጣጣሪ መጣች። ስብሰባው ቢሮ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር፤ እሷ ግን መስመሩን ማየት እፈልጋለሁ ብላ ሁላችንም ቆረጣ ክፍል ቆምን፦ ሥራ አስኪያጁ፣ የአስተዳደር ኃላፊው፣ የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ረጅሙ፣ ሳሙናና እኔ። ሳሙና ከቢጫው መስመር ወዲያ ነው የቆመችው። ተቆጣጣሪዋም አየቻትና ሄዳ አጠገቧ ቆመች።

"ማስታወቂያው ላይ 'አይለይም' ብላችኋል፤ ጥሩ" አለች። "ግን የምትጠይቁት ልምድ የሚገኘው ሴት እንዳትገባ በከለከላችሁት ክፍል ውስጥ ብቻ ነው። በሩን ዘግታችሁ፣ ያልገባ አይወዳደር እንደማለት ነው። መስፈርቱ ለሁሉም አንድ ቢሆንም ሴቶቹን በሙሉ ካስቀረ፣ ለሥራው የግድ እንደሚያስፈልግ ማስረዳት የእናንተ ፈንታ ነው።"

የአስተዳደር ኃላፊው ለዚህ ተዘጋጅቶ ነበር። "የግድ ያስፈልጋል" አለና ግድግዳው ላይ ወዳለው ፎቶዬ ጠቆመ። "ያለ ልምድ እንደሳቸው መደርደር አይቻልም። መስፈርቱንም ያወጡት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሳሙና ብቻ መሬት መሬት ታያለች።

"መስፈርቱን ያስገባሁት እኔ ነኝ" አልኩ። "ያስገባሁትም የአንድ ሰው አማች እንዳይመደብ ብዬ ነው።" ሥራ አስኪያጁ ጣሪያውን አየ። "ድርደራው ግን የእኔ አይደለም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የደረደረችው እሷ ናት። የምስክር ወረቀቶቹም የእሷ ናቸው።"

እንደተናገርኩ ሰማይ የሚደፋብኝ መስሎኝ ነበር። የአስተዳደር ኃላፊው ግን ሳቀ። "ጋሼ፣ ደግ ሰው ነዎት። ሊወጡ ሲሉ ለሁሉም መልካም ማድረግ አማረዎት።" የማኅበሩ ሊቀመንበርም ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ማንም አላመነኝም። አሥራ አንድ ዓመት የዋሸሁትን አምነው፣ አንድ ቀን እውነት ስናገር ደግነት ነው አሉኝ። ማስረጃ አለዎት ሲሉኝ ደግሞ ምንም የለኝም። የሳሙና መስመር በካውያ ሲተኮስ ይጠፋል። ያለኝ ሁለት የምሳ ዕቃ ነው።

"ጨርቁም አለ፣ ካርቶኖቹም አሉ" አለች ተቆጣጣሪዋ። "ለምን አናይም?"

እንዲህ ተስማሙ፦ ባለመስመሩ ጨርቅ፣ የስድስት ልጆች ኮት፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ካርቶን። አንዳችን ስንደረድር ሌላው ውጭ ይቆያል፣ ርዝመቱ ይለካል፣ መስመሩ በብሩሽ ይጠፋል፣ ቀጣዩ ይገባል። መጀመሪያ እኔ።

እዚህ ላይ ነው ጉዴ። የመጣሁት ለእሷ ልመሰክር ነው። ከተሸነፍኩ ምስክርነቴ እውነት ይሆናል፤ ካሸነፍኩ ውሸታም ሽማግሌ እሆናለሁ፣ እሷም ወደ ኪሷ ትመለሳለች። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን ጠመኔው እጄ ሲገባ፣ ፎቶዬ ከግድግዳው ላይ ሲያየኝ፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጀርባዬን ያጎበጠው ጠረጴዛ ፊቴ ሲዘረጋ፣ ሌላ ነገር ያዘኝ። ላሸንፋት ፈለግሁ። አንድ ጊዜ እንኳ፣ በሕይወቴ አንድ ጊዜ፣ ያ ስም የእኔ እንዲሆን ፈለግሁ። ኮሌታዎቹን በብብት አስገባሁ፣ ኪሶቹን በጀርባዎቹ መሃል ሸጎጥኩ፣ ያስተማረችኝን ሁሉ በእሷው ላይ አዋልኩት። ላቤ ጨርቁ ላይ ተንጠባጠበ። ስጨርስ አምስት ሜትር ከስልሳ ሆነ። በዘመኔ ከደረደርኩት ሁሉ የተሻለው እሱ ነበር።

ረጅሙ ቀጠለ፤ አምስት ሜትር ከሰማንያ።

ሳሙና ስትገባ ማንንም አላየችም። መስመሩ ላይ ለአፍታ ቆም አለች፣ ከዚያ አለፈች። ሳሙናዋን መዘዘች። "አንተ ትልቁ፣ ግድግዳው ጋ ተኛ" አለች ለራሷ።

"ከማን ጋር ነው የምታወራው?" አለ የአስተዳደር ኃላፊው።

"ከወንድሞቿ ጋር ነው" አልኩት። "ዝም በልና ታስተኛቸው።"

ስትጨርስ የማኅበሩ ሊቀመንበር ሜትሩን ዘረጋ። አምስት ሜትር ከሠላሳ ሰባት። ደግሞ ለካ። ሥራ አስኪያጁ ነጥቆ ራሱ ለካ። የአስተዳደር ኃላፊው ሄዶ ጠረጴዛውን ለካ። አልፈረድኩበትም፤ እኔም አድርጌዋለሁ።

"እሺ፣ ድርደራው ይቅር" አለ ሥራ አስኪያጁ። "ማሽኑስ? ደኅንነት አለ። ፀጉር..."

ተቆጣጣሪዋ ወደ እኔ ዞራ ጢሜን አየችው። ቶሎም አልተወችው፤ ከላይ እስከ ታች፣ እስከ ደረቴ ድረስ አየችው። መጀመሪያ የሳቀው ረጅሙ ነው። ከዚያ ሁላችንም ሳቅን፣ ሥራ አስኪያጁም ሳይቀር። ሳሙና አፏን በእጇ ሸፈነች።

በሁለተኛው ሳምንት ደብዳቤው ወጣ። የአምስት ዓመቱ መስፈርት ተሰርዞ በተግባር ፈተና ተተካ፣ ፈተናውም ለማንም ክፍት ሆነ። ፈተናውን ተፈትና ሳሙና ዋና ቆራጭ ሆነች፤ ረጅሙ ምክትሏ። ማሽኑ ሲበራ በአጠገቡ ያለ ሁሉ ፀጉሩን እንዲሸፍን ታዘዘ፣ ጢምም ጭምር። የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ጢሜን በጨርቅ ከረጢት ከትቼ ሠራሁ። ከረጢቱን የሰፋችልኝ ሳሙና ናት። ኪስም አድርጋበታለች፤ ከጨርቁ መስመር ጋር የሚገጥም።

በመውጫዬ ቀን የምስክር ወረቀቶቹን ጠቅልዬ ሁለቱን የምሳ ዕቃ ይዤ መጣሁ። በምሳ ሰዓት ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩላት። ገለበጠቻቸው።

"ሁሉም ላይ እርስዎ ነዎት። የእርስዎን ፎቶ ቤቴ ሰቅዬ ለሰው ምን ልበል?"

"ይቅርታ አድርጊልኝ" አልኳት። "ለአሥራ አንዱ ዓመት።"

"አሥራ አንዱን ዓመት ይቅር ብዬ ገና አልጨረስኩትም" አለች፣ የምሳ ዕቃዋን እየከፈተች። "ስጨርስ ቤትዎ መጥቼ እነግርዎታለሁ። አሁን አንድ ነገር እውነቱን ይንገሩኝ። ያን ቀን ሊያሸንፉኝ ሞክረው ነበር?"

ልዋሻት ፈለግሁ። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ጢሜ አሳከከኝ።

"ከልቤ ነው የሞከርኩት" አልኳት።

ምሳዋን ተወችው። ፊቴን ቆይታ ቆይታ አየችና ፈገግ አለች፣ በዚህ ጊዜ አፏን ሳትሸፍን። "እሰይ። ሆን ብለው ተሸንፈውልኝ ቢሆን ኖሮ ዕድሜ ልኬን አላነጋግርዎትም ነበር። በሰው ደግነት ያገኘሁት ይመስለኝ ነበር።"

ከዚያ ካርቶኖቹን ወደ እኔ ገፋች፣ ሳሙናዋን ከሻሿ መዝዛ እጄ ላይ አስቀመጠች።

"የተሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። ሁለቱን ጀርባ ፊት ለፊት አስተኝተው ትከሻቸው ተጋጨ። አንዱን ይገልብጡት። በሚቀጥለው ጊዜ..."

"የምን የሚቀጥለው ጊዜ?" አልኳት። "ዛሬ መውጫዬ ነው።"

"ቢሆንም ይወቁት" አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ ጀርባውን ገለበጥኩት።